አምቡላንስ እስኪደርስ፦ በቤት፣ በመስጂድና በሥራ ቦታ ሕይወት የሚያተርፉ እርምጃዎች



የዛሬው ትምህርታችን ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በሥራ ቦታ አደጋ ከመድረሱ በፊት ምን እንደምናይና ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው። ሁለተኛው አደጋው ወይም ድንገተኛው ሕመም ከደረሰ በኋላ አምቡላንስ እስኪመጣ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ እጃችን ምን መሥራት እንዳለበት ነው። ይህ ጽሑፍ የአንድ ወይም የሁለት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስን አይተካም። ኮርሱን ገና ላልወሰደ መነሻ፣ ለወሰደ ደግሞ ማስታወሻ ይሆናል።

ለምን በተለይ እናንተ?

በብዙ ቤታችን እንግሊዝኛው የሚቀናው ልጅ ነው። የቤት ኪራይ ውሉን የሚያነበው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው፣ ከመንግሥት የመጣውን ደብዳቤ የሚያስረዳው እሱ ወይም እሷ ናት። አባት በድንገት ሲወድቅም ስልኩ የሚሰጠው ለእናንተ ነው።

በዚያ ላይ አብዛኞቻችን የምንኖረው በፎቅ ነው። በቶሮንቶና በፒል ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ከሆስፒታል ውጪ ልባቸው የቆመባቸውን ከ8,000 በላይ ሰዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2016 ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ከ3ኛ ፎቅ በታች ከነበሩት 4.2 በመቶ ተርፈዋል። ከ3ኛ ፎቅ ጀምሮ ግን የተረፉት 2.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ16ኛ ፎቅ በላይ ቁጥሩ ወደ 0.9 በመቶ ይወርዳል፤ ከ25ኛ ፎቅ በላይ ከነበሩት አንድም አልተረፈም። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አምቡላንሱ በር ላይ ቢደርስም የሕንጻው በር ተቆልፏል፣ ሊፍቱ 20ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ኮሪደሩ ረጅም ነው። ያ ጊዜ የእናንተ ነው። በዚያን ጊዜ ከታማሚው አጠገብ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ክፍል አንድ፦ ከአደጋው በፊት

*አንዲት እህት፣ አንድ ማሽን*

በመስከረም 2016 መጀመሪያ ላይ በሰሜን ቶሮንቶ በሚገኘው የፊዬራ ፉድስ የዳቦና ኬክ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የ23 ዓመት ወጣት ሞተች። በስደት ከጊኒ የመጣች ሙስሊም እህት ነበረች። ፋብሪካው የቀጠራት በቀጥታ አልነበረም፤ የላካት ጊዜያዊ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነበር። ሥራውን ከጀመረች ገና ሳምንታት ብቻ ሆኗት ነበር። ሂጃቧ በማጓጓዣ ማሽን ተያዘ፣ ማሽኑም ጎተታት። ኩባንያው በ2017 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ 300,000 ዶላር ተቀጣ።

በዚያው ኩባንያ በ1999 አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ውስጥ ሆኖ ሲያጸዳ ማሽኑ ተነስቶ ሕይወቱ አልፏል። የ17 ዓመት ልጅ ማለት ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ ነው።

ስለዚያች እህት ስናወራ «ሂጃብ አደገኛ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ጉዳዩን በማሽኑ በኩል ላሳያችሁ። አንድ ማጓጓዣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚጎትት ነው እንበል። ሰው ደንግጦ፣ ገብቶት፣ እጁን አንስቶ የማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ እስኪጫን 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በዚያች አንድ ሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ገብቷል፤ ከትከሻ እስከ አንገት ያለው ርቀት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ቁልፉ እጅ ከሚደርስበት ራቅ ካለ ደግሞ ነገሩ አብቅቷል። ይህ ስሌት ለሂጃብ ብቻ ሳይሆን ለረጅም ፀጉር፣ ለእጅጌ፣ ለጓንት፣ ለአንገት ሐብልም ያው ነው። ስለዚህ የሚሽከረከር ነገር በመከለያ መሸፈን አለበት። ሰው ፈጥኖ ያመልጣል ብሎ የተሠራ ማሽን የተሳሳተ ማሽን ነው።

*የመከላከያ ቅደም ተከተል*

በምህንድስና አደጋን የምንቆጣጠረው በ5 ደረጃዎች ነው። ከላይ ያለው ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሁሉም ነገር በሰው ጥንቃቄ ላይ ይወድቃል።

1. አደጋውን ጨርሶ ማስወገድ። ለምሳሌ ከፍታ ላይ ወጥቶ ከመሥራት መሬት ላይ ገጣጥሞ ማንሳት።
2. በሌላ መተካት። ለምሳሌ ኃይለኛ ኬሚካልን በቀላሉ መለወጥ።
3. በምህንድስና መከላከል። የማሽን መከለያ፣ የአየር ማስወጫ፣ በር ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም መሣሪያ።
4. በአሠራር መቆጣጠር። ሥልጠና፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ማሽን ከመጸዳቱ በፊት ኃይሉን አጥፍቶ በግል ቁልፍ መቆለፍ።
5. የግል መከላከያ። የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የደህንነት ጫማ፣ መነጽር።

አለቃችሁ አደጋን ሁሉ በ5ኛው ብቻ ከመለሰላችሁ ከላይ ያሉት 4 ደረጃዎች የት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁ። የ17 ዓመቱን ልጅ ዓይነት አደጋ የሚከላከለው 4ኛው ነው፤ ማለትም በውስጥ ያለው ሰው ራሱ የቆለፈው፣ ቁልፉም በራሱ ኪስ ያለ ማብሪያ። የእህታችንን ዓይነት የሚከላከለው ደግሞ 3ኛው ነው።

ይህም ሆኖ በማሽን አካባቢ የምትሠሩ እህቶች፣ ሂጃባችሁ የሚንጠለጠል ጫፍ እንዳይኖረው አድርጉ፤ ጫፉን ከሥራ ልብሱ ሥር አስገቡት። በስፖርት ሱቆች የሚሸጠው ቀለል ብሎ ራስ ላይ የሚገጥም ዓይነት ከሚጠመጠመው ይሻላል። ይህ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው እንጂ የመከለያውን ኃላፊነት ከአሠሪው አያነሳም።

*በሕግ ያላችሁ ሦስት መብት*

የኦንታርዮ የሥራ ጤናና ደህንነት ሕግ ለሠራተኛ ሦስት መብቶችን ይሰጣል። ስለ አደጋው የማወቅ፣ በደህንነት ጉዳይ የመሳተፍ፣ አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት።

ይህ ሕግ በብዙ መስዋዕትነት የተጠናከረ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 2009 በኪፕሊንግ ጎዳና ባለ አንድ ሕንጻ 13ኛ ፎቅ አካባቢ በረንዳ የሚጠግኑ ሠራተኞች የቆሙበት ተንጠልጣይ መድረክ ተሰብሮ 4 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በመድረኩ ላይ 6 ሰዎች ነበሩ፤ በደህንነት ገመድ በትክክል የታሰረው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም አልወደቀም። አሠሪው ኩባንያ በይግባኝ 750,000 ዶላር ተቀጣ፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅም የ3 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጥናት መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መሠረታዊ የደህንነት ሥልጠና ግዴታ ሆነ። ከሚያዝያ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ደግሞ በግንባታ ቦታ ከፍታ ላይ ለሚሠሩ ልዩ ሥልጠና ግዴታ ሆነ።

አንድ ሥራ አደገኛ መስሎ ከታያችሁ እንዲህ ታደርጋላችሁ፦

1. ሥራውን አቁማችሁ ለተቆጣጣሪው ምክንያቱን ወዲያው ንገሩ። «ይህ ሥራ ለደህንነቴ አደገኛ ነው ብዬ ስለማምን እምቢ እላለሁ» የሚል ግልጽ ቃል ተጠቀሙ፤ ዝም ብሎ ወደ ቤት መሄድ እምቢ እንደማለት አይቆጠርም።
2. በአቅራቢያው አደጋ በሌለበት ቦታ ቆዩ። አሠሪው የሠራተኞች የደህንነት ተወካይ ባለበት መመርመር አለበት።
3. ካልተስማማችሁና አሁንም በቂ ምክንያት ካላችሁ የሠራተኛ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ ይጠራ። ስልኩ 1-877-202-0008 ነው።

አሠሪው በዚህ ምክንያት ሊያባርራችሁ፣ ሊያስፈራራችሁ ወይም ሰዓት ሊቀንስባችሁ በሕግ አይችልም። በኤጀንሲ በኩል ብትቀጠሩም መብቱ ያው ነው፤ ኤጀንሲውም የምትሠሩበት ድርጅትም ኃላፊነት አለባቸው። እነዚህን ሦስት ነጥቦች ለወላጆቻችሁ በአማርኛ አስረዷቸው። ብዙዎቹ «እንጀራዬን ላጣ» ብለው ዝም የሚሉት ሕጉን ስላልሰሙ ነው።

ክፍል ሁለት፦ አደጋው ሲደርስ

*መጀመሪያ ሦስት ነገር*

አንደኛ፣ ቦታውን እዩ። ሰውየው በኤሌክትሪክ ተይዞ ከሆነ ኃይሉን ሳታጠፉ አትንኩት። ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ ራሱን ስቶ ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ እሱን የጣለው ጋዝ እናንተንም ይጥላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሊያድን የገባው ሁለተኛው ሰው አብሮ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ 911 ደውሉ፣ ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርጉት። አድራሻ፣ የአፓርታማ ቁጥር፣ የመግቢያውን ኮድ ንገሩ። ኦፕሬተሩ ዝጉ እስኪል አትዝጉ፤ ደረት መጫንን ጨምሮ እያንዳንዱን እርምጃ ይነግራችኋል። ለወላጆቻችሁ ደግሞ ይህን አስተምሩ፦ እንግሊዝኛ ባይችሉም ደውለው «አምቡላንስ» ካሉ በኋላ «አምሃሪክ» ቢሉ አስተርጓሚ ይገናኛል። አንዳንዶች ከሂሳቡ የተነሳ ይፈራሉ። የኦንታርዮ የጤና ካርድ ላለውና በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው የአምቡላንስ ክፍያ 45 ዶላር ነው። ለአባት ሕይወት ይህ አይበዛም።

ሦስተኛ፣ ሰው አሰማሩ። አንዱ ታች ወርዶ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ፣ ሌላው ሊፍቱን ይያዝ። ከላይ ያነበባችሁትን የፎቅ ነገር አስታውሱ።

«ብሳሳትና ብከሰስስ?» የሚል ስጋት አለ። በኦንታርዮ በ2001 የወጣው የደግ ሳምራዊ ሕግ ያለ ክፍያ በቅን ልብ የረዳን ሰው ከባድ ቸልተኝነት እስካልፈጸመ ድረስ ይጠብቀዋል።

*ልብ ሲቆም*

ሰውየው ሲጠሩት የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም እንደ ማንኮራፋት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ ልቡ እንደቆመ ቁጠሩት። ያ ማጣጣር መተንፈስ አይደለም። በጀርባው ጠንካራ ወለል ላይ አስተኙት። የአንዱን እጅ መዳፍ ደረቱ መሐል፣ ሌላውን በላዩ አድርጋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተጫኑ። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ተመልሶ ይነሳ። የሠለጠናችሁ ከሆነ ከ30 ጫና በኋላ 2 ትንፋሽ ስጡ፤ ካልሠለጠናችሁ ያለማቋረጥ መጫን ብቻ ይበቃል። ይደክማል፤ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። የልብ ማስነሻ መሣሪያው (ኤኢዲ) እንደመጣ አብሩት፤ በድምጽ ይመራችኋል። የማያስፈልገውን ሰው አይመታም።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚያፍሩበትን ጥያቄ በግልጽ እናንሳ። ማሕረሜ ያልሆነችን ሴት ደረት እንዴት እነካለሁ? ሕይወትን ማትረፍ ዶሩራ ነው፤ አስገዳጅ ሁኔታ የተከለከለውን እንደሚፈቅድ በፊቅህ የታወቀ መርህ ነው። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ሩፈይዳ አል አስለሚያ ቁስለኛ ወንዶችን በመስጂዱ ድንኳን ታክም እንደነበር በሲራ የምናውቀው ነው። በአደባባይ ልባቸው የሚቆም ሴቶች ከወንዶች ባነሰ መጠን ከተመልካች እርዳታ እንደሚያገኙ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እፍረት ሰው እየገደለ ነው ማለት ነው። ሴት ካለች ሴት ትቅደም፤ ከሌለች ግን አንድ ሰከንድ አትጠብቁ። የኤኢዲው ፓድ የሚለጠፈው በባዶ ቆዳ ላይ ስለሆነ ልብሱ መከፈት አለበት። የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ክብ ሠርተው ይቁሙ፣ በነጠላ ይጋርዱ። ክብሯም ሕይወቷም እንዲህ ይጠበቃል።

*ደረት ላይ ሕመም*

የልብ ድካም ሲጀምር ሰው ሁሉ ደረቱን ይዞ አይወድቅም። ክብደት የተጫነ የሚመስል ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሊሆን ይችላል። በተለይ በእናቶች። በቤታችን ደግሞ ሁሉም ነገር «ጨጓራዬ ነው» ይባላል። ድንገት የመጣ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሆነ «ጨጓራ» ከገጠማችሁ 911 ደውሉ። ራሳችሁ መኪና ነድታችሁ አትውሰዱ፤ በመንገድ ላይ ልቡ ቢቆም እጃችሁ መሪ ላይ ነው።

*ስትሮክ*

ፊት በአንድ በኩል ወርዷል? ሁለቱን እጅ ሲያነሱ አንዱ ይወርዳል? ንግግር ተኮላትፏል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ደውሉ። ንግግሩን የምትፈትኑት ሰውየው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን፤ እናታችሁን በእንግሊዝኛ ብትጠይቋት ምንም አታውቁም። የጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፤ የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። «ምች መቶኝ ነው፣ ዳማከሴ ጠጥቼ ልተኛበት» ካሉ አትስሙ። ምግብም፣ ውሃም፣ አስፕሪንም አትስጡ።

*ደም መፍሰስ*

በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታ በኃይል ተጫኑ፤ በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩ። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ጨምሩ። የክንድ ወይም የእግር ደም እየፈነጠቀ ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ማሰሪያ አጥብቁና ሰዓቱን ጻፉ። ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው። ደሙን በትክክል የሚያቆመው ጫናው ነው፤ ቡናው ግን ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም ማጠብ ይቸገራል።

*ቃጠሎ*

ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ። በረዶ አይሁን። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ አይቀቡም፤ ሙቀቱን በውስጥ ያፍናሉ።

*ማነቅ*

ማሳል ከቻለ ያስል፣ አትምቱት። ድምጹ ከጠፋ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻ መሐል 5 ጊዜ በመዳፍ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ ተቀያየሩ። ከወደቀ 911 ደውላችሁ ደረት መጫን ጀምሩ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሆዱ አይጫንም፤ ጀርባና ደረት ብቻ ነው።

*የሚጥል በሽታ*

ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አሁንም በማኅበረሰባችን አለ። ሕመሙ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስዳል። ጭሱ አያድንም፣ እሳቱ ግን ሊያቃጥል ይችላል። አፍ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ አካሉን አትያዙ። ጠንካራ ነገሮችን አርቁ፣ ከራሱ ሥር ጃኬት አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ 911።

*ስኳር ሲወርድ*

የስኳር ሕመምተኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ከተነጫነጨ ወይም ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በካናዳ አለካክ ከ4 በታች ማለት ነው። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አሟሙታችሁ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን የሳተን ሰው ምንም አታጠጡ። ረመዷን ላይ «ለመግሪብ 40 ደቂቃ ነው የቀረኝ» የሚል አባት ይኖራል። አላህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ጾሙ በሌላ ቀን ይተካል። በፍቅር ግን በጥብቅ ብርጭቆውን ስጡት።

*ከሰልና የታፈነ ቤት*

ቡና በከሰል፣ ዕጣንና ቡኹር በከሰል፣ መስኮት በክረምት ተዘግቶ። ይህ የእኛ ልዩ አደጋ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። በታኅሣሥ 2013 የበረዶ ዝናብ የቶሮንቶን መብራት ለቀናት ባጠፋ ጊዜ የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይነድ ደጋግመው ያስጠነቀቁት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው ጉንፋን አይደለም። ሁሉም ውጡ፣ ከውጭ 911 ደውሉ። የቤታችሁ ማንቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይለይ እንደሆነ ዛሬ እዩ፤ የጭስ ማንቂያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቡናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ ወጉ በጀበናውና በጨዋታው ነው፣ ከሰሉ ባይኖርም አይጎድልም።

*ኬሚካል*

ጽዳት የሚሠሩ እናቶች በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቅሉ ንገሩ፤ መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። በሥራ ቦታ ለእያንዳንዱ አደገኛ ኬሚካል የደህንነት መረጃ ወረቀት መኖር አለበት፤ 4ኛው ክፍሉ ሁልጊዜ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ነው። ሕፃን የሆነ ነገር ከዋጠ የኦንታርዮ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-844-764-7669 ሌሊትም ቀንም ይመልሳል።

*ውርጭ*

ጣት ወይም ጆሮ ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ አትሹት፣ በረዶም አታሹበት። ቤት ገብታችሁ ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፤ የደነዘዘ ጣት ሙቀት ስለማይለይ ውሃውን ሌላ ሰው ይሞክር።

*አደንዛዥ ዕፅ*

ስለዚህ በጀማዓችን ብዙ አይወራም። የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወጣት ካያችሁ 911 ደውሉና ናሎክሶን ስጡ። የአፍንጫ ርጭት ነው፤ በኦንታርዮ በብዙ ፋርማሲዎች በነጻ ይሰጣል። የወደቀውን መጀመሪያ እናንሳው፤ ምክሩ ሲነቃ ይደርሳል።

ከአደጋው በኋላ

በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሐኪሙ ዘንድ «በሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» ይበል። አሠሪው የተጎዳበትን ቀን ደሞዝ መክፈልና ሠራተኛውን ወደ ሕክምና ማድረስ አለበት፤ ሕክምና ያስፈለገውን ጉዳት ደግሞ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኦንታርዮ የሥራ ደህንነትና መድን ቦርድ ማሳወቅ አለበት። ሠራተኛው ራሱ ካሳ ለመጠየቅ 6 ወር አለው። «ቤት ወድቄ ነው በል፣ እኔ እከፍልሃለሁ» የሚል አለቃ ካለ ሕግ እየጣሰ ነው። ወገቡ ዛሬ ትንሽ ያመመው ሰው በሚቀጥለው ዓመት መነሳት ቢያቅተው፣ ሳይመዘገብ የቀረ ጉዳት ለማስረዳት እጅግ ይከብደዋል። ቅጹን በመሙላት ወላጆቻችሁን እርዷቸው።

የዚህ ሳምንት ተግባር

1. አድራሻችሁን፣ የመግቢያ ኮዱን፣ የወላጆችን መድኃኒት ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ።
2. በምትኖሩበት ሕንጻ፣ በምትሰግዱበት መስጂድና በምትሠሩበት ቦታ ኤኢዲ የት እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።
3. በሥራ ቦታችሁ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ጋ የሠለጠነው ሰው የምስክር ወረቀት መለጠፍ አለበት። ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እዩ፤ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው።
4. ለአንድ ትልቅ ሰው «ጨጓራ ነው» እና «ምች ነው» የሚሉትን ሁለት ነጥቦች በአማርኛ አስረዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

- አባታችሁ በሥራ ላይ እጁ ተቆርጦ ለአለቃው መንገር ቢፈራ ምን ትሉታላችሁ?
- በጁሙዓ ሶላት መሐል አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ይደውላል? ማን ደረት ይጫናል? ማን በሩን ይከፍታል? አሁኑኑ ስም ስጡ።
- አዲስ በጀመራችሁት ሥራ መከለያው የተነሳ ማሽን ላይ ቁሙ ብትባሉ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገራችሁ ምን ይሆናል? ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት።

አንድን ነፍስ ማዳን አላህ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አንቀጽ ላይ ሁላችንም ተምረናል። ያንን አጅር የምናገኝበት በር አንዳንዴ የሚከፈተው ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የተዘጋጀ እጅ ይፈልጋል። አላህ ወላጆቻችንን፣ ሠራተኞቻችንንና እናንተን ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅ፤ ለተጎዱት ሺፋእ፣ ለሄዱት ረሕመት ያድርግ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።